ከ«ከተማ» በፊት የነበረችው መንደር

ሐረሪዎች ከተማቸውን «ጌይ» ብለው ይጠሯታል። ትርጉሙ «ከተማ» ነው። በቃ፣ ከተማ! ቋንቋቸው «ጌይ ሲናን» ነው፣ የከተማ ቋንቋ። ራሳቸው ደግሞ «ጌይ ኡሱእ» ናቸው፣ የከተማ ሰዎች። በምድር ላይ ሌላ ከተማ የሌለ ይመስል። አዲስ አበቤ እንኳን «ሸገር» ብሎ ከማቆላመጥ አልፎ እንዲህ ያለ ድፍረት አልሞከረም። ደግሞም አይፈረድባቸውም። ጀጎልን እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ዩኔስኮ በውስጧ 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ መካናት ቆጥሯል። ይህን ሁሉ በእግር ተዙሮ በሚያልቅ ግንብ ውስጥ የያዘች ከተማ «ከተማ ማለት እኔ ነኝ» ብትል ማን ይከራከራታል?

እኔ የምከራከረው በሌላ ነገር ነው። ከ«ከተማ» በፊት ከተማዋ የት ነበረች? ከባሕሩ የመጣው ነጋዴ ሐረር ገና ስሟ ሳይገን ዕቃውን የሚያራግፈው የት ነበር? ለዚህ ጥያቄ ካሉት መልሶች በጣም የሚያስገርመው ዛሬ ማሽላና ጫት የሚበቅልባት፣ የድንጋይ እርከን የከበባት አንዲት ትንሽ የገጠር መንደር ናት። ስሟ ሐርላ ይባላል። ብዙዎቻችን ሳናያት በአጠገቧ አልፈናል።

ጋዜጠኝነት ስንማር የዜና መጀመሪያ «ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት» ነው ተብለናል። የሐርላን ነገር ከ«የት» መጀመር ይሻላል፤ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ ከቦታዋ የሚመጣ ነው።

የት?

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚኒባስ የወጣችሁ ሰዎች መንገዱን ታውቁታላችሁ። ድሬን በላብ ትለቋታላችሁ። ደንገጎ ዳገት ላይ መኪናው እየተጠማዘዘ ሲወጣ አየሩ ይለወጣል፤ መስኮት ካልተከፈተ ብሎ ሲነዘንዝ የነበረው ሰውዬ ራሱ ይዘጋዋል። ከዚያ ሐረማያ፣ ከዚያ አወዳይ ከነጫት ገበያዋ፣ ከዚያ ሐረር። መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስታችሁ ወደ 2,000 ሜትር ትወጣላችሁ። በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ከቆላ ወደ ደጋ ደፍ ደረሳችሁ ማለት ነው።

ሐርላ ያለችው በዚህ መወጣጫ ላይ ነው፤ ከድሬዳዋ በስተደቡብ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በተራሮቹ መሀል። አስተዳደሯ በድሬዳዋ ሥር ነው። በፍርስራሹ ላይ የተቀመጠው ዋናው መንደር ገንደ ብዮ ይባላል፤ «ገንደ» በኦሮምኛ መንደር ማለት ነው። ነዋሪዎቹ የኦሮሞ ገበሬዎች ናቸው። ሐረር አካባቢ ሶፊ ዘንድ ደግሞ «ገንደ ሐርላ» የሚባል ሌላ ቦታ አለና ሁለቱን እንዳታምታቱ። ስሙ በምሥራቁ አገር በየቦታው ተበትኗል።

አሁን ካርታውን በዓይነ ህሊናችሁ ያዙት። በስተሰሜን ምሥራቅ ባሕሩና ጥንታዊው የዘይላ ወደብ፤ በመሀል ሞቃታማው ቆላ፤ በስተደቡብ ደግሞ ደጋው። ግመል የቆላ ጌታ ናት፤ ለጠመዝማዛ ዳገት ግን አህያና በቅሎ ይመረጣሉ። ጨው፣ ጨርቅ፣ ዶቃና ሸክላ ከባሕር ወደ ላይ ይወጣል፤ ከላይ ደግሞ የደጋው ሀብት፣ የዝሆን ጥርስና ወርቅ ወደ ታች ይወርዳል። በዚያ ዘመን ንግድ ውስጥ ባሪያ ተደርገው የተሸጡ ሰዎችም እንደነበሩ መዝለል አይገባም። በዚህ ሁሉ መሀል አንድ ሰው አረፍ ብሎ ሸክም የሚያወርድበት፣ ጭነት የሚያዛውርበት፣ ዋጋ የሚከራከርበት ቦታ ያስፈልገዋል። ሐርላ የተቀመጠችው በዚያች ደረጃ ላይ ነው። ባሕሩ ከእሷ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ለእኛ ረጅም ሊመስለን ይችላል፤ ለሲራራ ነጋዴ ግን የቀናት ጉዞ ነው።

ግዙፎቹ ሰዎች

የመንደሩ ገበሬዎች መሬታቸውን ሲያርሱና ሲቆፍሩ እንግዳ ነገር ሲያገኙ ኖረዋል። ዶቃ፣ የሸክላ ስባሪ፣ ሳንቲም። ከሳንቲሞቹ መሀል ደግሞ የቻይና ይገኝባቸዋል! አስቡት፤ ማሽላ ሊዘራ የወጣ ሰው ከአፈር ውስጥ መሀሉ የተበሳ የቻይና ሳንቲም ያነሳል። ከዚህ ሌላ ሁለትና ሦስት ሰው የማያነሳቸው ትላልቅ ድንጋዮች የተደረደሩበት ግንብ በየቦታው ብቅ ይላል። እነዚህን ድንጋዮች ማን አነሳቸው?

መልሱ በአፈ ታሪክ ዝግጁ ነበር። ሐርላዎች ግዙፍ ሰዎች ነበሩ፣ እንደ እኛ ያለ ሰው ይህን ድንጋይ አይሸከምም። ሀብታም ነበሩ፣ ታበዩ፣ በትዕቢታቸው ፈጣሪ ተቆጣቸውና ጠፉ። ይህ ተረት በሐረርጌ በብዙ ቦታ፣ በብዙ መልክ ይነገራል። የፈረሰ ግንብ፣ የድንጋይ ክምር መቃብር፣ የተተወ ጉድጓድ ሲታይ «የሐርላ ነው» ይባላል።

እኛ ዩኒቨርሲቲ የበጠስን ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር ስንሰማ ፈገግ ማለት ይቀናናል። እስቲ ፈገግታውን ትንሽ እናቆየው። ተረቱ ውስጥ ያሉትን ነገሮች አንድ በአንድ ቁጠሯቸው። ከእኛ በፊት ሌላ ሰዎች እዚህ ነበሩ። ድንጋይ ገንቢዎች ነበሩ። ሀብታም ነበሩ። ከዚያ ሄዱ። ከቁመታቸው በስተቀር ሁሉም ትክክል ሆኖ ተገኝቷል! የገንደ ብዮ ገበሬዎች አርኪዮሎጂስት ከመምጣቱ በፊት የቦታውን ታሪክ ዋና ዋና ነጥቦች ያውቁ ነበር። ያላወቁት ዘመኑንና ቁመቱን ነው።

አካፋው ምን አገኘ?

ሐርላን መጀመሪያ ያጠኗት የዛሬዎቹ ተመራማሪዎች አይደሉም። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ሐረርጌ የነበሩት ፈረንሳዊው የካፑቺን ቄስ አባ አዛይስ ከሮዤ ሻምባር ጋር በመሆን በአገሪቱ የጥንት ቦታዎችን እየዞሩ መዝግበው እ.ኤ.አ. በ1931 በመጽሐፍ አሳትመዋል። በ1970ዎቹም ሌሎች ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች በአካባቢው ሠርተዋል። በአረብኛ የተቀረጹ የመቃብር ድንጋዮችም ሲጠኑ ቆይተዋል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ነው። በእንግሊዝ አገር የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል የመሩት ቡድን፣ በወቅቱ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ይባል ከነበረው መሥሪያ ቤታችን ጋር ሆኖ፣ መንደሩ ውስጥ ቁፋሮ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 ውጤቱ ሲነገር ዜናው ዓለምን ዞረ። ጋዜጦቹ «የግዙፎቹ ከተማ ተገኘች» ብለው ጻፉ። ተገኘች? ለማን ነው የጠፋችው? ሰው ሲኖርባት የነበረች መንደር ናት እኮ! ለዜና ርዕስ ማማር ግን አንዳንድ ነገር ይሠዋል፤ ይህንንም ተምረናል።

የተገኘውን ዘርዝሬ ልንገራችሁ። የፍርስራሹ ስፋት 500 ሜትር በ900 ሜትር ገደማ ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ መስጊድ ወጥቷል። አሠራሩ በደቡባዊ ታንዛኒያና በሶማሌላንድ ከሚገኙ መስጊዶች ጋር ይመሳሰላል። የእስልምና ሥርዓት የተከተሉ መቃብሮችና የመቃብር ድንጋዮች ተገኝተዋል። የጌጣጌጥ ሠሪዎች መሥሪያ ቦታም ወጥቷል፤ በብር፣ በነሐስ፣ በከበሩ ድንጋዮችና በመስታወት ዶቃ ረቂቅ ሥራ ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ቦታ ነው። ከተጠቀሙባቸው ዘዴዎች አንዳንዶቹ በዚያ ዘመን በህንድ የሚታወቁ ናቸው። ስለዚህ ወይ ዕውቀቱ ከህንድ መጥቷል፣ ወይ ባለሙያው ራሱ መጥቷል።

ቀጥሉ። ከቻይና የመጣ ሸክላ። ከየመን የመጣ ሸክላ። ከማዳጋስካርና ከማልዲቭ ጋር የሚያያይዙ ዕቃዎች፤ ከህንድ ውቅያኖስ የመጣ ዛጎል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ የተመቱ የብርና የነሐስ ሳንቲሞች። የመስታወት ብርጭቆ ስባሪ። ለእኔ ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ዓሣው ነው። ከተቆፈሩት አጥንቶች መሀል ከቀይ ባሕር የመጣ የባሕር ዓሣ አለበት። ወርቅና ዶቃ ሁሉም ሰው ያዘዋውራል። ከሩቅ ባሕር፣ ያንን ሁሉ ሙቀት አቋርጦ፣ ምናልባት ደርቆና ጨው ጠጥቶ፣ ለእራት የሚመጣ ዓሣ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ሐርላ ውስጥ «የእናቴ አገር ምግብ ናፈቀኝ» የሚል የባሕር ዳርቻ ሰው ይኖር ነበር ብል ብዙ የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

ዘመኑን ስንቆጥር፣ ሰው በሐርላ የኖረው ከ6ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ነው። ይህም ማለት አክሱም ገና በኃይሏ ሳለች ተጀምሮ፣ የላሊበላን ዘመን ሁሉ አልፎ፣ እስከ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን አካባቢ የዘለቀ ኑሮ ነው። እኛ በትምህርት ቤት አክሱም፣ ላሊበላ፣ ጎንደር እያልን እንደ ባቡር ጣቢያ ስንቆጥር፣ ከሐዲዱ ውጭ ሌላ ከተማ ለዘጠኝ መቶ ዓመታት ያህል ገበያዋን ስታደራ ነበር።

ግዙፎቹስ? በመቃብሩ የተገኙት አጽሞች የተለመደ ቁመት ያላቸው ሰዎች ናቸው። እንደ እናንተና እንደ እኔ።

ማን ነበሩ?

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ዛሬ በእኛ አገር «ማን ነበሩ?» የሚለው ጥያቄ ከኋላው ሌላ ጥያቄ አስከትሎ ነው የሚመጣው።

በጽሑፍ «ሐርላ» የሚለው ስም በሁለት ተቀናቃኝ ወገኖች መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ከንጉሡ ጋር ከተዋጉት ሕዝቦች መሀል ይጠራቸዋል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ አረብ ፈቂህ የኢማም አህመድን ዘመቻ በጻፈበት «ፉቱሕ አል ሐበሻ» ውስጥ ሐርላዎች ከኢማሙ ጦር መሀል ናቸው። ከዚያ በኋላ ስሙ እየደበዘዘ ይሄዳል።

ሰዎቹ ግን እንደ ተረቱ በአንድ ሌሊት የጠፉ አይመስሉም። ዛሬ ሐረሪዎችም፣ አርጎባዎችም፣ በሶማሌና በአፋር ውስጥ ያሉ ጎሣዎችም ራሳቸውን ከሐርላ ጋር ያያይዛሉ። ማኅበራዊ ሚዲያው ላይ ገብታችሁ «ሐርላ» ብላችሁ ፈልጉ፤ «የእኛ ናቸው»፣ «የለም የእኛ ናቸው» የሚል ረጅም ጭቅጭቅ ታገኛላችሁ። አንዱ በአንዱ ላይ ድንጋይ የሚወረውርበት ነገር ራሱ ድንጋይ መሆኑ ያስቃል፣ ያሳዝናልም።

ከአፈር የወጣው ማስረጃ የሚናገረው ግን ለዚህ ጭቅጭቅ አይመችም። የሐርላ ነዋሪዎች የአገሬው ሰውና የመጤው ቅልቅል ነበሩ። መስጊዱ ከታንዛኒያ ዳርቻ ጋር ይመሳሰላል፣ ዶቃው ከህንድ ይማራል፣ ገንዘቡ ከካይሮ ይመጣል፣ ሳህኑ ከቻይና ነው። ዛሬ ቦሌ ላይ ቁጭ ብለን «ግሎባላይዜሽን» የምንለው ነገር በ12ኛው ክፍለ ዘመን አህያ ተጭኖ የሐርላን ዳገት ይወጣ ነበር። በመታወቂያ ላይ አንድ መስመር ብቻ ይሞላ ቢባል የሐርላ ሰው የሚቸገር ይመስለኛል።

ሐረርስ?

አሁን ወደ «ጌይ» እንመለስ።

የሐረር ትውፊት ከተማዋን ከሼኽ አባድር ጋር ያያይዛል። ሼኹ 44 አውልያዎችን አስከትለው ከሂጃዝ መጡ፤ በሰባት መንደሮች ተበታትኖ ይኖር የነበረውን ሕዝብ አንድ አድርገው ከተማዋን መሠረቱ ይባላል። ዘመኑን አንዳንዱ በ10ኛው፣ ሌላው በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያደርገዋል። ዩኔስኮም ከመስጊዶቿ ሦስቱ የ10ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው ብሎ ጽፏል።

የኢንሶል ቡድን ሐረር ውስጥም በተመረጡ ቦታዎች የሙከራ ቁፋሮ አድርጓል። በእነዚያ ቦታዎች የተገኘው ነገር ከ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ ያለ ነው። ይህ ደግሞ በጽሑፍ ከምናውቀው ታሪክ ጋር ይገጥማል፦ ሱልጣን አቡበከር መናገሻውን ከደከር ወደ ሐረር ያዛወረው እ.ኤ.አ. በ1520 ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አሚር ኑር ግንቡን አስገነባ። ሐረር ሐረር የሆነችው ያኔ ነው።

ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ ተመልከቱ። ሐርላ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ባዶ ትሆናለች። ሐረር በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ትነሳለች። ኢንሶል የአንዷ መክሰምና የሌላዋ መነሳት የተያያዘ ሊሆን እንደሚችል ያመለክታል። ገበያው አልሞተም፤ ዳገቱን ወጥቶ አዲስ ቤት ገባ ማለት ነው።

ይህን ስጽፍ የሚቀየመኝ ሐረሪ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ሺህ ዓመት ተብሎ የኖረን ነገር አምስት መቶ ማድረግ ቀላል አይደለም። ግን ጀጎል ውስጥ ሰው ስለሚኖር የተቆፈረው ጥቂት ቦታ ብቻ መሆኑን አትርሱ፤ ነገ ሌላ ጉድጓድ ሌላ ነገር ሊያወጣ ይችላል። ከዚያ ደግሞ ትውፊቱን ራሱን ደግማችሁ ስሙት። ምን ነበር ያለው? «ሰባት መንደሮች ተሰበሰቡ።» የሐረር ትውፊት ከተማዋ ከሰማይ ወረደች አይልም። ከመንደር መጣች ነው የሚለው። አካፋውና አያቶቻችን የተጣሉት በቀኑ ላይ ነው፤ በነገሩ ላይ ተስማምተዋል። «ከተማ» የተባለችው ከተማ የመንደሮች ልጅ ናት።

ሦስት እህትማማቾች

ታሪኩ ሐረር ላይ ቢያልቅ ለሐረሪዎች ደስ ባለ ነበር። አላለቀም።

ሐረር ለአራት መቶ ዓመታት ያህል የምሥራቁ በር ሆና ኖረች። አሚሮች ነገሡባት፤ እ.ኤ.አ. ከ1875 እስከ 1885 ግብፆች ያዟት፤ በ1887 ዳግማዊ ምኒልክ ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ወደ ግዛታቸው ቀላቀሏት። ከዚያ ባቡር መጣ። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ መጀመሪያ ሐረር ሊገባ ታስቦ ነበር። ዳገቱ ግን ወጪው የሚቻል አልሆነም። ሐዲዱ ከተራራው ሥር ሜዳውን ይዞ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ባቡሩ የቆመባት ቦታ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለች። ዛሬ ድሬዳዋ የምንላት እሷ ናት።

ስሙን ልብ በሉት፤ «አዲስ ሐረር»። ሐርላ ለሐረር ያስረከበችውን ሐረር ለድሬዳዋ አስረከበች። አንድ መንገድ፣ አንድ ንግድ፣ ሦስት ከተሞች፤ አንዷ በመወጣጫው ላይ፣ አንዷ ከላይ፣ አንዷ ከሥር። በግመልና በአህያ ዘመን መወጣጫው ይመቻል። በጦርነት ዘመን ግንብ ያለው ደጋ ይመቻል። በባቡር ዘመን ሜዳ ይመቻል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ የድሬዳዋን ጣቢያ ከመሀል ከተማ አውጥቶ ወደ ዳር ወስዶታል። የከዚራ የድሮ ባቡር ጣቢያ ጸጥታ የሚያሳዝናችሁ ካላችሁ፣ ሐርላ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ያንኑ ጸጥታ ቀምሳዋለች።

ለእኔ የዚህ ታሪክ ፍሬ ነገር ይኸው ነው። ከተማነት የዘላለም ማዕረግ አይደለም፤ መንደርነትም የዘላለም ዕጣ አይደለም። «ገጠሬ» ብለን ስንሳደብ፣ «ፋራ» ብለን ስንስቅ፣ ታሪክ ያልደረሰበት ቦታ የመጣ ሰው ብለን እያሰብን ነው። የሐርላ ገበሬ ግን ታሪክ ያልደረሰበት ቦታ ላይ አይደለም የሚኖረው። ታሪክ ደርሶ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ ተነስቶ የሄደበት ቤት ውስጥ ነው ያለው። ከእኛ የሚለየው አንድ ነገር ቢኖር የእኛን ቤት ገና ተነስቶ አለመሄዱ ነው።

ታዲያ የማን ናት?

አንድ ክስ አለ፤ አንዳንዴ በግልጽ፣ አንዳንዴ በሹክሹክታ የሚነገር። «የጥንቶቹ ሠርተው ነበር፣ የኋለኞቹ መጥተው አፈረሱት» የሚል። ይህን ክስ ከዘመኑ ጋር አስተያዩት። ሐርላ የተለቀቀችው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የኦሮሞ ሕዝብ መስፋፋት ወደዚህ አካባቢ የደረሰው በ16ኛው ነው። የኢማም አህመድ ጦርነትም ከዚያው ክፍለ ዘመን ነው። ስለዚህ ሐርላን ለማፍረስ ማንም አልዘመተም፤ ገበያዋ ሄዶ ባዶ ከሆነች በኋላ ነው አዳዲስ ሰዎች መጥተው መሬቱን ያረሱት። ከሳሽም ተከሳሽም የሌለበት መዝገብ ነው።

ገበሬው ከፍርስራሹ ድንጋይ እያነሳ ቤቱንና እርከኑን ሠርቷል። ይህን ሰምተን «ቅርስ አጠፋ» ለማለት እንቸኩላለን። አዲስ አበባ ውስጥ ስንት የመቶ ዓመት ቤት በአንድ ቅዳሜና እሑድ በዶዘር ሲጠረግ ካየን በኋላ ይህን ለማለት የሞራል አቅም ያለን አይመስለኝም። ገበሬው ድንጋዩን አልጣለውም፤ ግድግዳ አድርጎ አቁሞታል። ከዚያም በላይ ቦታውን በተረቱ ጠብቆታል። «እዚህ ግዙፎች ይኖሩ ነበር» የሚል ሰው ቦታውን ተራ አያደርገውም።

ቢሆንም አደጋው እውነተኛ ነው። ዶቃና ሳንቲም ዋጋ እንዳለው የሰማ ሰው በሌሊት መቆፈር ይችላል። በ1992 ዓ.ም የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዛል። ግን ሕጉ አዲስ አበባ ነው ያለው፤ ዶቃው ገንደ ብዮ። በሁለቱ መሀል ያለውን ርቀት የሚሞላው ገበሬው ከቅርሱ ሲጠቀም ብቻ ነው። ለዚህም አንድ ጥሩ ጅምር ነበር፦ ከቁፋሮው ጋር ተያይዞ የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው የሚያስተዳድሩት ትንሽ የቅርስ ማዕከል ሐርላ ላይ ተከፍቷል። ከተገኙት ዕቃዎች የተወሰኑት እዚያው እንዲታዩ፣ ጎብኚ ሲመጣ መንደሩ እንዲጠቀም የታሰበ ነው። ሁሉንም ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ከመውሰድ ይህ በብዙ ይሻላል። ዕቃው መስታወት ውስጥ ብቻውን ሲቀመጥ ዶቃ ነው። ዳገቱን፣ ቆላውንና መስጊዱን እያያችሁ ስታዩት ግን ለምን እዚያ እንደደረሰ ይገባችኋል።

እንግዲህ የሚቀጥለው ጉዟችሁ ወደ ምሥራቅ ከሆነ የምጠይቃችሁ ትልቅ ነገር አይደለም። ጀጎልን ጎብኙ፣ ጅብ ሲበላ እዩ፣ የሐረር ቡናችሁን ጠጡ፤ ይህንን ማንም አይከለክላችሁም። ሐረርን ግን ከሐረር አትጀምሯት። ድሬዳዋ ላይ ግማሽ ቀን ጨምሩና መጀመሪያ ሐርላ ግቡ። የአካባቢውን ሰው አስጎብኚ አድርጋችሁ ያዙ፣ የሚገባውን ክፈሉት፣ ዶቃ ቢሸጥላችሁ አትግዙ። ስለ ግዙፎቹ ሲነግራችሁም አታርሙት፤ እስከ መጨረሻው አዳምጡት። ከዚያ በኋላ ዳገቱን ወጥታችሁ «ጌይ» ስትገቡ፣ ከተማዋ ከተማ ከመባሏ በፊት በየት በኩል እንደመጣች ታውቃላችሁ።